ቤት ውስጥ ለምታስታምሙ፦ ለብቻ ሳትሸከሙ፣ ሳትዝሉ ማስታመም የሚቻልበት መንገድ

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ለቤተሰቡ ወረቀት ይሰጣል። የግፊት መድኃኒቱ፣ የቀጠሮው ቀን፣ ጨው ቀንሱ የሚል ምክር አለበት። ስለ አስታማሚው ግን አንድ መስመር የለም። ከነገ ጀምራ የምታገላብጠው፣ የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ሌሊት የምትነሳው ልጅ ወይም ሚስት ማን እንደሚያግዛት የሚነግራት የለም።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ለእሱም ነው። ሚስቱን ወይም እናቱን የሚያስታምም ወንድ ጥቂት አይደለም፤ "አንተስ እንዴት ነህ?" የሚለው ሰው ስለሌለ ደግሞ ይብስበታል። ምሳሌዬ በአብዛኛው አልጋ ላይ ያለ ወላጅ ነው። የመርሳት በሽታ፣ ካንሰር፣ የኩላሊት እጥበት ወይም ልዩ እንክብካቤ የሚፈልግ ልጅ ያለበት ቤትም ብዙውን ነገር ይጋራል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልበል። በእኛ አገር ሰው አይጠፋም። ጠያቂ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ እድር አለ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ አለ። የሚጠፋው ተራ ነው። "ምን ላግዝሽ?" ሲባል "ኧረ ምንም፣ መምጣትሽ ይበቃል" የሚባልበት ቤት፣ እርዳታው ራሱ መጥቶ ከበር ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ ሥራውን ቆራርጦ፣ ሰዓት ሰጥቶ፣ ለሰው በስሙ ማከፋፈል።

1. መጀመሪያ ደብተር

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ግዙና አልጋው አጠገብ አስቀምጡ። ለአንድ ሳምንት የምትሠሩትን ሁሉ ጻፉ። ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ሰዓት፣ የሠራሁት፣ ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል ወይ? አንድ ገጽ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

ሌሊት 8፡00 — አገላበጥኳቸው፣ ዳይፐር ቀየርኩ። (የለመደ ሰው ይችላል)
ንጋት 11፡00 — ጠሩኝ፣ ውሃ ፈለጉ። (ማንም ይችላል)
ጠዋት 1፡30 — መድኃኒት፣ አጥሚት፤ ቀስ ብለው ስለሚውጡ ብዙ ቆየ። (ካየ በኋላ ማንም ይችላል)
3፡00 — ፋርማሲ ሄድኩ፤ የለም አሉኝ፣ ሌላ ፋርማሲ ሄድኩ። (ማንም ይችላል)
5፡00 — ጠያቂ መጣ፣ ቡና አፈላሁ። (መቅረት ይችላል)
10፡00 — ገላ አጠብኳቸው። (እኔ ብቻ፤ ሌላ ሰው አይፈቅዱም)

ሳምንቱ ሲያልቅ ሦስተኛውን ዓምድ ቁጠሩ። "ሁሉም በእኔ ላይ ነው" ስንል የቆየነው ነገር ለሁለት ይከፈላል። እናንተ ብቻ የምትችሉት ከምታስቡት ያነሰ ይሆናል። ሰውነትን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ በሽተኛውን መንካቱ ሳይሆን ዙሪያው ነው፦ ወረፋው፣ መድኃኒት ፍለጋው፣ የመድን እድሳቱ፣ ገበያው፣ የስልክ መልሱ። ለሌላ ሰው ለመስጠት የሚቀለውም ይኸው ነው።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ወንድምና እህት ሲሰበሰቡ "ደክሞኛል" ከሚለው ቃል ይልቅ የተጻፈው ገጽ ይናገራል። ሐኪሙም ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱ ስታሳዩት የመድኃኒት ሰዓት ለማስተካከል ይረዳዋል።

2. ድካምና መዛልን ለዩ

ድካም እንቅልፍ ሲያገኝ ይለቃል። መዛል ግን ተኝታችሁም ይቆያል። ምልክቶቹን የምታውቋቸው ይመስለኛል፤ ስም አልሰጣችኋቸውም እንጂ። ስልክ ሲጠራ መናደድ። በሽተኛው "ልጄ" ብሎ ሲጠራ ከመልሱ በፊት ማንባት። ማታ ተጋድሞ እንቅልፍ እምቢ ማለት። የተረፈውን አጥሚት ቆሞ ጠጥቶ ምሳ በላሁ ማለት። የራስን የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት መርሳት። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ፣ ጓደኛ ማግኘት፣ ፀጉር መሠራት ሁሉ ትርጉም ማጣት።

ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ለሁለት ሳምንት ከቆዩ "ትንሽ ይለፍ" አትበሉ። ቀጣዮቹን ደረጃዎች ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ጤና ጣቢያም ሄዳችሁ ታዩ። ለራሳችሁ ካርድ አውጡ። በሽተኛውን ይዛችሁ ስትሄዱ "እግረ መንገዴን" ብላችሁ አይሆንም፤ ሐኪሙ የሚያየው ካርድ የወጣለትን ሰው ነው።

3. ቤተሰቡን ሰብስቡ

ብዙ ቤት ውስጥ ማንም ሳይወስን ይወሰናል። ያላገባችው ልጅ፣ ወይም ከወላጅ ጋር የምትኖረው፣ ወይም ሥራ የሌላት አስታማሚ ትሆናለች። "አንቺ እኮ እዚያው ነሽ" ይባላል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ደግሞም አይዘልቅም፤ እሷ ስትወድቅ ቤቱ በሙሉ ይወድቃልና።

ስብሰባውን በበዓል ቀን አታድርጉት፤ በምግብና በእንግዳ መሃል ቁም ነገሩ ይጠፋል። በሽተኛው በሚሰማበት ክፍልም አይሁን። ውጭ ያሉትን በቪዲዮ አስገቡ። ቂም ያለበት ቤት ከሆነ ሁሉም የሚያከብረው ሰው ይቀመጥ፦ አጎት፣ የንስሐ አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ ኢማሙ።

ሦስት ነገር ብቻ ወስኑ። ገንዘቡን ማን፣ ስንት፣ በየወሩ መቼ እንደሚልክ። ጊዜውን ማን፣ የትኛውን ቀን እንደሚሰጥ። በድንገት ሆስፒታል መግባት ቢመጣ የመጨረሻውን ውሳኔ ማን እንደሚሰጥ። ሦስተኛው እንዳይዘለል አደራ። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ደጅ ላይ ሆኖ ለስድስት ወንድምና እህት ስልክ መደወል ሰውን የሚጨርስ ነገር ነው።

ጊዜ መስጠት የማይችል ገንዘብ ይስጥ፤ ገንዘብ የሌለው ጊዜ ይስጥ። ሁለቱንም የለኝም የሚል ደግሞ ወረቀቱን ይያዝ፦ ቀጠሮውን፣ መድኑን፣ የሐኪም ትዕዛዙን።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ አነጋገሩ ለየት ይላል። አንዴ ጠቀም ያለ ብር ልኮ ለወራት መጥፋት የተለመደ ነው። ክፋት አይደለም፤ ምን እንደሚያስፈልግ አይታየውም። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦

"ወንድሜ፣ የላክኸው ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ከእንግዲህ የሚያስፈልገን ወር በወር የሚመጣ ነው። ተመላላሽ ልንቀጥር ስለሆነ ደመወዟን አንተ ቻልልን። ሌላው፣ ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ በቪዲዮ ከእማዬ ጋር ቁጭ በል። እኔ ያኔ ጎን ክፍል ጋደም እላለሁ።"

በእኛ ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ዋሽንግተን ላለ ሰው ጠዋት ነው፤ ሥራ ሳይገባ ይችላል። ልጃቸውን ሲያዩ እናት ይረጋጋሉ፣ አስታማሚዋም አንድ ሰዓት ታገኛለች። ይህ ከብሩ አያንስም። ዓረብ አገር በቤት ሥራ ላይ ያለች እህት ካለች ግን ሸክሙን ሁሉ በእሷ ደመወዝ ላይ አትጣሉ። እሷም የሰው ቤት ውላ የምታድር አስታማሚ ናት፤ ደመወዟም ሊዘገይ ይችላል። የእሷን እንደ ተጨማሪ ቁጠሩት።

4. ጠያቂውን ወደ ተራ ቀይሩት

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ ይሞላል። ብርቱካንና ሙዝ ይከመራል። ሁሉም ተቀምጦ "እግዜር ይማርልሽ" ይላል፤ አስታማሚዋ ደግሞ ከከሰል ወደ ጀበና፣ ከጀበና ወደ በሽተኛው ትመላለሳለች። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል። ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው። ስለዚህ ሰው ገና እየመጣ ሳለ ነው የወደፊቱን የምትይዙት።

ከደብተራችሁ "ማንም ይችላል" ያላችኋቸውን ሥራዎች በሌላ ወረቀት ገልብጡ። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ከዚያ ላይ አንድ ስጡት። አንድ ብቻ፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር። "አንዳንዴ ብቅ በይ" አይሠራም። እንዲህ ይሠራል፦

ለታላቅ ጎረቤት፦ "እትዬ፣ መምጣትዎ ደስ ይለኛል። ማክሰኞ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ቢመጡልኝ እማዬ ጋ ይቀመጣሉ፤ እኔ ያኔ እተኛለሁ።"

ለአክስት ልጅ፦ "መድኃኒቱ በ25 ያልቃል። በ22 ከነማ ፋርማሲ ጠይቅልኝ፤ ከሌለ ቀይ መስቀል ፋርማሲ እይ። የማዘዣውን ፎቶ ልኬልሃለሁ።"

ለሥራ ባልደረባ፦ "ፍራፍሬው በዝቶልናል። ልትመጪ ካሰብሽ ትልቁን ዳይፐር ይዘሽልን ነይ።"

መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። በእኛ ዘንድ ጠያቂን ማዘዝ ነውር ይመስላል። ግን ጠያቂውም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነው ብርቱካን የሚገዛው። ሥራ የተሰጠው ሰው ይመለሳል፤ ሥራ ያልተሰጠው ግን ግዴታውን ጨርሶ ይሄዳል።

ለጥየቃም ሰዓት አብጁ፤ ለምሳሌ ከቀኑ 10 እስከ 12። ይህን የምትናገሩት እናንተ አትሁኑ። የሰው አፍ የማይፈራ አንድ ዘመድ ምረጡና "ሐኪሙ እረፍት ያስፈልጋቸዋል ብሏል" እያለ ይንገር። ቡናውንም ጠዋት አፍልታችሁ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጉት። ጠያቂ ራሱ ቀድቶ ይጠጣ።

እድርን በሚመለከት፦ እድር የሚታወቀው በሞት ጊዜ ነው። በሕመም ጊዜም የሚያግዝ እድር ግን አለ። መተዳደሪያ ደንቡን ለዳኛው ወይም ለጸሐፊው ጠይቁ። ደንቡ ላይ ከሌለም የእድሩ ሴቶች ሳምንት በተራ እንጀራ እንዲያመጡ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ደንብ አያስፈልገውም። የጽዋ ማኅበር፣ የሰንበቴ አባላት፣ የመስጊድ ጀመዓም እንደዚሁ። ሃይማኖቱ ሕሙማን ጠይቁ ይላል፤ እናንተ ቀኑን ብቻ ንገሯቸው።

5. እንቅልፍን ከሁሉም አስቀድሙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምትተገብሩ ከሆነ ይህ ይሁን። እንቅልፍ ያጣ ሰው መድኃኒት ይሳሳታል፣ ይቆጣል፣ ይወድቃል።

ሁለት ሰው ካላችሁ ሌሊቱን ክፈሉት። አንዱ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8፣ ሌላው ከ8 እስከ ጠዋት 1 ሰዓት። እያንዳንዳችሁ ሳትቆራረጡ አምስት ሰዓት ትተኛላችሁ። ተራው ያልሆነው ሰው ሌላ ክፍል ይተኛ። እዚያው ፍራሽ ላይ ከሆነ በሽተኛው ሲያስል አብሮ ይነቃል፤ ተራ መባሉም ስሙ ብቻ ይቀራል።

አንድ ብቻ ከሆናችሁ በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚያድርላችሁ ሰው ፈልጉ። በክፍያም ቢሆን። የቀን ሠራተኛ ከምትቀጥሩ የሌሊት ብትቀጥሩ የሚሻልበት ቤት ብዙ ነው።

ሌሊቱን ራሱን ማቅለልም ይቻላል። በሽተኛው ፉሮሴማይድ የመሰለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ "ጠዋት ቢደረግስ?" ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ማታ የሚወሰድ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ያስነሳል። ሰዓቱን በራሳችሁ ግን አትቀይሩ። ቀን ላይ መጋረጃውን ክፈቱ፣ ከተቻለ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው፣ በረንዳ ላይ አውጧቸው። ቀኑን ሲያንቀላፋ የዋለ ሰው ሌሊት ይነቃል።

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየራል። ይህ ለአንድ ሰው የማይቻል ሥራ ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የአየር ፍራሽ ማግኘት ከቻላችሁ ወይም ጥሩ ወፍራም ስፖንጅ ካላችሁ ሌሊት ላይ ሰዓቱን ማርዘም ይቻል እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ። ተረከዝ አልጋውን እንዳይነካ ከባት ሥር ትራስ አድርጉ። ስትቀይሩ ሁልጊዜ ጀርባ፣ ዳሌና ተረከዝ እዩ። ቀልቶ በጣት ሲጫን ነጣ የማይል ቦታ ካለ ቁስል እየጀመረ ነው፤ በጠዋቱ ለነርስ አሳዩ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከሌላው ቦታ የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠነከረ መሆኑን በእጃችሁ ዳብሱ።

6. ወገባችሁን ጠብቁ

አስታማሚ ወገቡ ከተያዘ በአንድ ቤት ሁለት በሽተኛ ይሆናል። ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወርን ከፊዚዮቴራፒስት ወይም ከነርስ ተማሩ። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት "እስቲ አሳዩን፣ ከዚያ እኔ ልሞክር እዩኝ" በሉ። አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው።

ወንበሩን ጤነኛው ጎን በኩል አስጠጉት። ባለ ጎማ ከሆነ ፍሬኑን ያዙ። በሽተኛውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጡ፣ እግራቸው መሬት በደንብ ይርገጥ። ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ ወይም የታጠፈ መቀነት እሰሩ። የምትይዙት እሱን ነው። ክንዳቸውን፣ በተለይ የደከመውን ክንድ፣ ፈጽሞ አትጎትቱ፤ ትከሻው ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። እሳቸውም አንገታችሁ ላይ አይንጠልጠሉ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ የእናንተን ጉልበት ከደከመው ጉልበታቸው ፊት አስደግፉ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብላችሁ አብራችሁ ተነሱ፣ በትንሹ ዞራችሁ አስቀምጡ። በሚችሉት ያህል እሳቸው ይግፉ፤ ለእሳቸውም ልምምድ ነው።

አልጋ ላይ ወደ ላይ ለመሳብ ከሥራቸው ለሁለት የታጠፈ አንሶላ ይኑር። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ አንሶላውን ይዞ ያንሸራትታል። ለብቻችሁ ብብታቸው ሥር ገብታችሁ አትጎትቱ። እየወደቁ ከሆነም ለመሸከም አትታገሉ፤ ራሳቸውን ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ መሬት ላይ አስቀምጧቸው፣ ከዚያ ሰው ጥሩ።

7. ከመንግሥትና ከድርጅት የሚገኘውን አትተዉ

ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና "አልጋ ላይ ያለ ሰው ቤት አለን" ብላችሁ አስመዝግቡ። በከተማ ከሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ብዙዎቹ በሙያቸው ነርሶች ናቸው፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው። ግፊት መለካት፣ ቁስል ማየት፣ ምክር መስጠት ይችላሉ። እናንተን ግን ካላወቋችሁ አይመጡም።

በኢመደበኛ ሥራ ለሚተዳደር ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ትልቅ ነገር ነው። ምዝገባውና እድሳቱ በዓመት በተወሰነ ወቅት ስለሆነ ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ካለፈ ወጪው በእናንተ ላይ ይመጣል። አካሄዱም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ሆስፒታል የሚኬደው ሪፈር ተይዞ ነው።

ካንሰርና ሌላ የማይድን ሕመም ላለበት ሰው ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ የሚሄድ የማስታገሻ እንክብካቤ ይሰጣል። የበሽተኛው ስቃይ ሲቀንስ የአስታማሚው ሌሊትም ይቀላል። ሕመም ማስታገሻ "ለመጨረሻው ቀን ይቆይ" የሚባል ነገር አይደለም፤ በጊዜ ጠይቁ። ካንሰር ያለበት ልጅ ይዛችሁ ከክፍለ ሀገር ከመጣችሁ ተስፋ አዲስ የተባለውን የወላጆች ድርጅት፣ አዋቂ ከሆነ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አነጋግሩ። የኦቲዝም ልጅ ላላቸው ወላጆች ጆይና ነህምያ የሚባሉ የኦቲዝም ማዕከሎች አሉ። እዚያ የምታገኟቸው ሌሎች ወላጆች ከሁሉም በላይ ያግዟችኋል፤ የት ምን እንደሚገኝ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

8. ሥራ ካላችሁ

ፈቃዳችሁን በድካም ቀን ሳይሆን አስቀድማችሁ አስቡበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአንድ ዓመት አገልግሎት ያለው ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት እረፍት አለው፤ ለየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። ለየት ያለና ከባድ ችግር ሲገጥም ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። አዋጁ የሚመለከተው የግል ድርጅትንና የመሳሰሉትን ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቅ።

ለአለቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ የሐኪም ወረቀት አያይዙ፣ የምትፈልጉትንም በቁርጥ አስቀምጡ፦ "ሰኞና ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ልዘገይ፣ ማታ ላካክስ።" ሥራ ማቆምን ግን የመጨረሻ አድርጉት። ገቢው ብቻ አይደለም የሚቋረጠው፤ ከቤት የምትወጡበት ምክንያትም አብሮ ይሄዳል።

ሠራተኛ ከቀጠራችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብራችሁ ሥሩ። መቀነቱን አሳዩአት፣ ደብተሩን አስለምዷት። የእረፍት ቀኗን አትንኩ፤ ሌሊትም ቀንም እሷ አትሁን። ከራስ ላይ ያወረዱትን ሸክም በሌላ ሴት ጀርባ ላይ መጫን መፍትሔ አይደለም፤ በወሩ ትሄዳለች፣ እውነትም አላት።

9. ለማንም የማይነገረው

አንድ ቀን፣ በጣም ከደከማችሁ በኋላ፣ "እረፍታቸውን በሰጣቸው" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ተከትሎም ጸጸት ይመጣል፦ "እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?" ይህ ሐሳብ ለብዙ አስታማሚ ይመጣል። ስቃዩ እንዲያበቃ መመኘት ነው፤ ሰውየውን መጥላት አይደለም። ለምታምኑት ሰው ተናገሩት፦ ለንስሐ አባት፣ ለጓደኛ፣ አስታምማ ለምታውቅ ሴት። ተደብቆ ሲቀመጥ ይከብዳል።

ንዴቱም እንዲሁ። ሰባት ጊዜ የጠየቁትን ስምንተኛ ሲጠይቁ ድምፅ ከፍ ይላል። እጃችሁ ሊነሳ እንደሆነ ከተሰማችሁ በሽተኛው እንዳይወድቅ ጎኑ ላይ ትራስ አድርጉና ከክፍሉ ውጡ። ግቢ ውስጥ ቁሙ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ለአንድ ሰው ደውሉ። ይህ ጥሎ መሄድ አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ ለበሽተኛው የሚደረግ ትልቁ እንክብካቤ ነው።

ራስን ማጥፋት ወይም በሽተኛውን መጉዳት በአእምሮ ከተመላለሰ ግን የጓደኛ ምክር አይበቃም። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር ማግኘት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። "ሰው አማኑኤል ታየች ይላል" ብላችሁ አትቅሩ። ጸበልም ብትሄዱ፣ ዱዓም ብታስደርጉ፣ የታዘዘላችሁን መድኃኒት አታቋርጡ።

10. ውጭ አገር ሆናችሁ የምታስታምሙ

እናታቸውን አሜሪካ አምጥተው ከሁለት ሥራ ጋር የሚያስታምሙ ብዙ ናቸው። ቋንቋ አለመቻላቸው ሁሉንም በልጅ ላይ ይጥላል። ኤፍ ኤም ኤል ኤ የሚባለው ሕግ ወላጅን፣ ልጅን ወይም የትዳር ጓደኛን ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ሥራችሁ ይጠበቃል። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ 12 ወር ቆይታችሁ ቢያንስ 1,250 ሰዓት መሥራት አለባችሁ። ዲሲ ውስጥ ለምትሠሩ የከተማዋ የተከፈለበት የቤተሰብ ፈቃድ አለ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አይ ኤች ኤስ ኤስ የሚባለውን የቤት ውስጥ ድጋፍ አገልግሎት ጠይቁ፤ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው የቤተሰብ አባል ሆናችሁ ስታስታምሙ ሊከፈላችሁ ይችላል። የአረጋውያን አገልግሎት የትኛው ቢሮ እንደሚሰጥ ለማወቅ 1-800-677-1116 ይደወላል። ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ሊያቀርቡላችሁ ይገባል። ስለ እናታችሁ ሰውነት እናንተ መሃል ቆማችሁ ማስተርጎም አይጠበቅባችሁም።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ቢቱዋህ ሌኡሚ (የአገሪቱ ብሔራዊ መድን) ቤት ለሚኖሩ አረጋውያን ለሚሰጠው የሲዑድ (የእንክብካቤ) ድጋፍ አመልክቱ። በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ረዳት ያስገኛል።

11. በሩ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት

አንድ ቀን እናንተ ትታመማላችሁ፣ ወይም ለቅሶ ትሄዳላችሁ። ያን ቀን ቤት የሚገባ ሰው ሁሉንም እንዲያውቅ አንድ ገጽ ጻፉ። የበሽተኛው ስምና ዕድሜ፣ ያለበት ሕመም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለ። እንዴት እንደሚበሉ፦ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ። የሚታዩበት ሆስፒታልና የካርድ ቁጥር። ውሳኔ የሚሰጠው ዘመድ ስልክ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ሆስፒታል የሚል መስመርም ይጨመር፤ የጀመረበት ሰዓት እንዲጻፍ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። ወረቀቱን ከበሩ ጀርባ ለጥፉ፣ ፎቶውንም ለቤተሰቡ ግሩፕ ላኩ። መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ጻፉና አሮጌውን ቅደዱት።